የግመል ጎዳናና የቢሲክሌት መንገድ በጅጅጋና በሐረር ምድር

በዛሬው ጊዜ በቢሲክሌት ረጅም ጉዞ የሚጓዙ ሰዎች ለስላሳውን አስፋልት እየተዉ የጠጠርና የአፈር መንገድ መፈለግ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። የአስፋልቱ ባለቤት አውቶሞቢል ነው፤ ቢሲክሌተኛው ግን ጥጉን ይዞ፥ ጥሩምባ በሰማ ቍጥር እየደነገጠ የሚያልፍ እንግዳ ነው። በኢጣልያ አገር፥ በቶስካና አውራጃ፥ ኪያንቲ በሚባለው የወይን ምድር፥ በደንና በወይን ተክል መካከል ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚጠማዘዙ የጠጠር መንገዶች አሉ፤ የአገሩ ሰዎች «ነጭ መንገዶች» ይሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የሚባል ሰው ጋዮሌ ከምትባል ትንሽ ከተማ የሚነሣ፥ በአሮጌ ቢሲክሌት ብቻ የሚደረግ ጉዞ አዘጋጀ። አሳቡ ማን ቀደመ ለማለት አልነበረም፤ ነጮቹ መንገዶች አንድ በአንድ አስፋልት እየለበሱ ሲጠፉ አይቶ፥ ሰው እንዲያውቃቸውና እንዲወዳቸው ለማድረግ ነበር። በዚያ ዓመት የተሰበሰቡት ተጓዦች 92 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ይመጣል፤ ከ2007 ወዲህም ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች የሚሽቀዳደሙበት ውድድር በዚያው አውራጃ ነጭ መንገዶች ላይ ይደረጋል።

እኛ ይህን ነገር በተረዳን ጊዜ አሳባችን ወደ ወይን ምድር አልሄደም። የሄደው ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ የወይን ተክል የለም፤ ሕዝቡም በብዛት ሙስሊም ስለ ሆነ የወይን ጠጅ ነገር አይነሣም። በወይኑ ፈንታ ግን ቡናው፥ ጫቱና ማሽላው በእርከን ላይ ተደርድሮ ይታያል፤ ወደ ባቢሌ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ለውዙ ይመጣል። ስለ አሮጌ መንገድ ከሆነ፥ የኪያንቲ ሰዎች ከእኛ የሚበልጡበት ምክንያት አይታየንም። የሚበልጡን ቢኖር መንገዳቸው ሳይጠፋ ስለ እሱ በመናገራቸው ነው።

አንባቢያችን ቦታውን በዐይነ ኅሊናው እንዲያየው ጥቂት እንግለጽለት። ጅጅጋ በባሕር ወለል ላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማው በስተ ምዕራብ የካራማራ ተራራ እንደ ግንብ ይጋረዳል፤ የተራራው በር ማርዳ ይባላል። ከማርዳ ወዲያ መንገዱ ወደ ፋፈን ወንዝ ይወርዳል፤ ቀጥሎም የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። በዳካታ ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተሸክሞ፥ አንዳንዱም በጣት ቢነኩት የሚወድቅ እየመሰለ፥ ከማይታወቅ ዘመን ጀምሮ ሳይወድቅ ቆሟል። ከዚያ ባቢሌ፥ ከባቢሌም የኤረር ሸለቆ፥ ከኤረር ቢሲዲሞ፥ ከቢሲዲሞ ሐረር ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ አላት። በመላው አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ዛሬ ባለ አውቶሞቢሉ ዳካታን በመስኮት አንድ ጊዜ አየት አድርጎ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልፈዋል። ከሐረርና ከጅጅጋ በስተ ሰሜን ያለው አገር ደግሞ ሌላ ነው። ኮረብታው በድንገት ዝቅ ይልና፥ ጊልዴሳን አልፎ፥ እስከ አይሻና እስከ ደወሌ ድረስ የኢሳ ሶማሌዎች የሚኖሩበት ደረቅና ሞቃት ቈላ ይሆናል።

በዚህ ምድር ላይ መንገድ የቀየሰው መሐንዲስ አይደለም፤ ውሃ ነው። ከዘይላ ወደብ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን ጭኖ ሲወጣ የሚያስበው ርቀቱን ሳይሆን ነገ የሚያድርበትን ጕድጓድ ነበር። ጕድጓዱ በቀረበበት ጕዞው አጭር፥ በራቀበት ረጅም ይሆናል። በቈላው ፀሓዩ ስለሚበረታ ሌሊቱን ወይም ማለዳውን ይጓዙና ቀትር ሲሆን ይሰፍራሉ። ሥራው የወንድ ብቻ ከመሰለን ደግሞ እንሳሳታለን፤ የሶማሌ ሴቶች ጎጆውን ነቅለው፥ እንጨቱንና ምንጣፉን በግመል ላይ ጭነው፥ ሲደርሱ መልሰው የሚተክሉት እነሱ ናቸው። ከደጋው ወደ ባሕር ቡና፥ ቆዳ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርዳል፤ ከባሕር ወደ ደጋ ጨው፥ ጨርቅ፥ ተምርና ሩዝ ይወጣል።

ጅጅጋ በመጀመሪያ በመጽሐፍ ስሟ የተጠራው በዚሁ ነገር ነው። ባርከር የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፈው ጽሑፍ፥ ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ ከሚገኙት ማረፊያዎች አንዷ አድርጎ ቈጥሯታል። ቤተ መንግሥትም ገበያም አልተጠቀሰባትም፤ የምታድርበትና ግመል የምታጠጣበት ቦታ ነበረች። ዛሬ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ የሆነችው ጅጅጋ የውሃ ጕድጓድ ልጅ ናት ብንል የሚቀየመን ያለ አይመስለንም።

ከባርከር ዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን የዐረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1854 ኅዳር ወር መጨረሻ ጀምሮ በ1855 ጥር 3 ቀን ሐረር ደረሰ። ይህ ሰው ስለ ሐረር ሕዝብና ስለ ሶማሌዎች የጻፈው ብዙ ንቀት አለበት፤ ያንን አንወድለትም። የመንገድ ነገር ሲሆን ግን ዐይኑ ንቁ ነው፤ ስለ አሮጌው ጎዳና አሠራርም ከእሱ የምናገኘው ብዙ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው የአባን ሥርዓት ነው። እንግዳ የሆነ ሰው በሶማሌ አገር ሲያልፍ ከአገሩ ሰው አንዱን አባን አድርጎ ይይዛል። አባኑ መንገድ መሪው፥ አስተርጓሚው፥ ደላላውና ጠባቂው ነው፤ እንግዳው ቢደፈር የተደፈረው አባኑና ነገዱ ነው። ወደ ሌላ ነገድ ምድር ሲሻገሩ አባኑም ይለወጣል። ፖሊስ በሌለበት፥ የመንግሥት ኬላ በማይደርስበት ቦታ የሩቅ አገር ሰው ሸቀጡን ይዞ በሰላም እንዲያልፍ ያደርግ የነበረው ይህ ቃል ኪዳን ነው። መንገድ ስንል አፈርና ድንጋይ ብቻ አድርገን ማሰብ የለመድን ሁሉ ይህን ልብ ማለት ይገባናል።

በርተን ከመጓዙ ይልቅ መቀመጡ ይበዛ ነበር፤ በየሰፈሩ ይቈያል፥ ፈቃድ ይጠብቃል፥ ይታመማል። በመጨረሻ ከጅጅጋ አጠገብ ያለውን የማራርን ሜዳ ተሻገረ። ሜዳው ወራሪ የሚፈራበት ስለ ነበር ብቻውን የሚደፍረው አልነበረም፤ ተጓዦች ተሰባስበው ፈጥነው ያልፉት ነበር። ከሜዳው በኋላ ኮረብታው ሲጀምር የጽሑፉ መንፈስ ራሱ ይለወጣል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ደኑ ይመጣል፤ ማሳውና መንደሩ ይታያል፤ ወደ ሐረር ሲቃረቡም በቡናና በሎሚ፥ በሙዝም አትክልት መካከል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ ያገኛሉ። ከጅጅጋ በእግሩ ወይም በቢሲክሌት ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ይህንኑ ለውጥ ዛሬም በገዛ ሰውነቱ ያውቀዋል፤ በአውቶሞቢል የሚሄደው ግን መስኮቱን ከፍቶ ዘጋ ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጎዳና በስተ ሰሜን በጊልዴሳ በኩል የሚወጣው ነው። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን በያዙ ጊዜ ይህን መንገድ አጠንክረው ያዙት። የጊልዴሳ ነገር እንዲህ ነው። የቈላ ግመል በሜዳና በአሸዋማ ፈፋ ላይ ሲራመድ የሚደርስበት የለም፤ ሹል ድንጋይና ቀጥ ያለ ዳገት ግን ጠላቱ ነው። ስለዚህ ከባሕር የመጣው ግመል ጊልዴሳ ላይ ይራገፍና ጭነቱ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል። ባለ ግመሉ ሶማሌ፥ ባለ አህያው ኦሮሞ፥ ገዥው የሐረር ነጋዴ፥ በኋላም ቀረጥ ተቀባዩ ሹም ሁሉ የሚገናኙት በዚህች ትንሽ ቦታ ነበር። እንግዲህ ጊልዴሳን ከተማ ያደረጋት የግመል ሰኰና ጠባይ ነው።

ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ በሐረር ነጋዴ ሆኖ በኖረበት ዘመን ይህን መንገድ ደጋግሞ ሄዶበታል። የመጨረሻ ጉዞው ግን በእግሩ አልነበረም። በ1883 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጨረሻ ላይ ጉልበቱ በጠና ስለ ታመመ በቃሬዛ አስተኝተው 16 ተሸካሚዎች ይዘውት ወረዱ። ወደ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በዐሥራ ሁለት ቀን ጨርሶ ዘይላ ደረሰ። በዚያ ሥቃይ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ የተነሡበትንና ያደሩበትን ስፍራ በአጭር በአጭሩ ጽፎ አስቀምጧል፤ ጊልዴሳ አለች፥ ቢዮ ካቦባም አለች። ሰዎች የራምቦን ግጥም ሲያደንቁ ይኖራሉ። እኛ ግን፥ ቅኔ አዋቂዎች ይቅር ይበሉንና፥ ከዚህ ሰው ጽሑፎች ሁሉ ልባችንን የሚነካው ይህ የሰፈሮች ዝርዝር ነው፤ አንድ ሰው በሕመም ተኝቶ ያለፈበትን የግመል ጎዳና ዕርምጃ በዕርምጃ ያሳየናልና።

የጅጅጋም ነገር በዚያው ዘመን መለወጥ ጀምሮ ነበር። የጨለንቆ ጦርነት በ1879 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ተደርጎ ሐረር በንጉሥ ምኒልክ እጅ ከገባች በኋላ የደጃዝማች መኰንን ግዛት ወደ ምሥራቅ እየሰፋ ሄደ። ስዌይን የሚባል እንግሊዛዊ በ1885 ዓ.ም. የካቲት ወር በጅጅጋ ሲያልፍ ያየው በጕድጓዶቹ አጠገብ በአጥር የተከበበ ምሽግና 25 ወታደሮች ነበሩ። በ1892 ዓ.ም. መጋቢት የሰይድ ሙሐመድ አብዱላህ ሐሰን ደርቢሾች በዚሁ ሰፈር ላይ ብርቱ አደጋ ጣሉ። እንግዲህ ጕድጓዱን የያዘ መንገዱን ይይዛል፤ መንገዱን የያዘ ግን ሁልጊዜ በሰላም አያድርም ነበር። ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ተቀይሰው ጅጅጋ የከተማ መልክ የያዘችው ግን ከዚያ በኋላ፥ በሰገሌ ጦርነት ዘመን ገደማ፥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገሩን በገዙበት ጊዜ ነው። እኒህ ሰው «ፋቡላ» የተባለውን የአማርኛ ቴያትር የደረሱት፥ በኋላም በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩት ናቸው።

አሁን ወደ ባቡሩ እንምጣ። አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱን ከተቀበለ በኋላ ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በኢሳዎች ምድር በኩል ሲዘረጋ ሕዝቡ በዝምታ አልተቀበለውም፤ የግመሉ ሥራ እንጀራው ነበርና። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ያልደረሰበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ተራራው ለሐዲድ አስቸጋሪ ሆነ። ከተራራው ግርጌ የተቈረቈረችው አዲስ ከተማ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ትባል ነበር። የድሬዳዋ ልደት የጊልዴሳ ሞት ሆነ። ግመሉ የሚራገፍበት፥ አህያው የሚጫንበት፥ ቀረጡ የሚቈረጥበት ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከንግድ ካርታ ላይ ተሠረዘ። ዘይላም ከዚያ ወዲህ አልተነሣችም። ጊልዴሳን ያጠፋት ጠላት ሠራዊት አይደለም፤ ከእሷ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ያለፈ የብረት መሥመር ነው።

ይሁንና ባቡሩ ራሱ ውሃ ጠጪ ነበር። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ እንደ ግመሉ ሁሉ ጕድጓድ እየፈለገ ቆመ። ደወሌ፥ አይሻ፥ አዲጋላ፥ ሽንሌ፥ እነዚህ የሶማሌ ክልል የሰሜን ከተሞች በሐዲዱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው አደጉ። በባቡሩ ቀን ገበያ ይቆማል፤ ወተት፥ ፍየልና ከሰል ይሸጣል። ድሬዳዋም የባቡር ሠራተኛ፥ የግሪክ፥ የአርመን፥ የዐረብና የህንድ ነጋዴ ከተማ ሆነች፤ ሜዳማ ስለ ሆነችም ቢሲክሌት ከኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ይልቅ የተወደደባት እሷ ናት ለማለት ያስደፍራል። የድሬዳዋ ልጅ ቢሲክሌት በሰዓት እየተከራየ ከከዚራ ዛፎች ሥር ሲሽከረከር ማደጉን የማያስታውስ የአገሩ ሰው የለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ቢሲክሌተኞችም መላኳን ብዙ ሰው ረስቶታል፤ ከእነሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር።

የማርዳ በር ታሪክ ደግሞ በደም የተጻፈ ነው፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጅጅጋን ያዙ፤ በያዙባቸው ዓመታት መንገድ ሠርተው መኪና አስሮጡ። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት 8 ቀን የእንግሊዝ ጦር ጅጅጋ ገባ፤ በመጋቢት 12 የናይጄሪያ ወታደሮች የማርዳን በር ተዋጉበት፤ ባቢሌንና ቢሲዲሞን አልፈውም በዚያው ወር አጋማሽ ሐረር ደረሱ። በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተደረገው ጦርነት፥ ጅጅጋ የተመለሰችው በየካቲት 26 ቀን ነው። ለእኛ ነገር የሚጠቅመው አንድ ቁም ነገር አለ። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ማርዳን ፊት ለፊት መምታቱን ትቶ በስተ ሰሜን፥ ትልቅ መንገድ በሌለበት ኮረብታ፥ ዞሮ በኋላ በኩል ወጣ። በዚያ ጦርነት የወደቁ ሰዎች እናቶች በካራማራ ወዲህም ወዲያም አሉ፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ ከዚህ የበለጠ መናገር አንወድም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። የሐረርና የጅጅጋ መንገድ አስፋልት ለበሰ። አሮጌው ባቡር እያረጀ ሄዶ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጕዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ ከድሬዳዋ በታች ያለውም እየቆመና እየተነሣ ጥቂት ከቈየ በኋላ ደከመ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን የጀመረው ከዓመት በኋላ ነው። አዲሱ ባቡር ውሃ አይጠጣም፤ በየመንደሩም መቆም አያስፈልገውም። በጊልዴሳ ላይ የደረሰው ነገር መልኩን ለውጦ በአሮጌው ሐዲድ መንደሮች ላይ ሲደርስ አየነው። ከዘይላ እስከ ዛሬ ሲታይ በዚህ ምድር መንገድ የሚሞተው ሰው ስለ ጠላው አይደለም፤ ከእሱ የፈጠነ ስለ መጣ ነው። መንገዱ ሲሞትም ማረፊያው፥ ጕድጓዱ፥ የጕድጓዱም ስም አብረውት ይሞታሉ።

ቢሲክሌት የሚገባበት ስፍራ እዚህ ላይ ነው። ይህ መኪና (መኪና ከተባለ) በሰው ጉልበት የሚሄድ ስለ ሆነ ልኩ እንደ ግመሉ የሰውነት ልክ ነው። ግመሉ በቀን ከሃያ እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሄድ እንደ ነበር ብናስብ፥ በጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ ጠንካራ ቢሲክሌተኛ የግመሉን የሁለት ወይም የሦስት ቀን መንገድ በአንድ ቀን ይሄዳል። እንግዲህ በየሁለተኛው ጕድጓድ ያድራል ማለት ነው። ፈጣኑ ተሽከርካሪ የተዋቸው ማረፊያዎች ለእሱ አልሞቱም፤ ያስፈልጉታል። ውሃ ይገዛል፥ ሻይ ይጠጣል፥ ማደሪያ ይጠይቃል፥ በሰው አገር ነውና አባን የሚሆነው ሰው ይፈልጋል። በእስፓኝ አገር ባቡር የተዋቸውን የሐዲድ መሥመሮች ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አረንጓዴ መንገድ» እያሉ ለእግረኛና ለቢሲክሌት አድርገዋቸዋል፤ ዛሬ ከሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነዋል። በባዶው ጣቢያ ቤት ውስጥ ምግብ ቤት ይከፈታል፥ ቢሲክሌት ይከራያል፥ መንደርተኛውም ይጠቀማል። በእኛም አገር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «መንገድ ለሰው» እየተባለ በአንዳንድ እሑድ የከተማ ጎዳና ከመኪና ነፃ ሲሆን ሕዝቡ እንዴት ደስ እንደሚለው አይተናል። በአዲጋላና በአይሻ በኩል ግን ያለ ዐዋጅ በየቀኑ ከመኪና ነፃ የሆነ መንገድ ተኝቷል።

ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን ግን አይደለም። ለግመል ሰኰና የሚመቸው አሸዋ ለቢሲክሌት ጎማ ጠላት ነው፤ ፈፋውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ቢሲክሌቱን ተሸክሞ ይገኛል። የቈላው ፀሓይ ከባድ ነው። በየጊዜው የጸጥታ ችግር የሚነሣበትም ቦታ አለ፤ የአገሩን ሽማግሌዎች ሳይጠይቁ መግባት ሞኝነት ነው። ይህን ሁሉ የምንለው ከወንበር ላይ ሆነን እንዳይመስል እኛም ያየነውን እንናገር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ሦስት ሆነን ከጅጅጋ በቢሲክሌት ተነሥተን ነበር። የተከራየናቸው ቢሲክሌቶች አከራዩ እንዳመሰገናቸው አልነበሩም፤ የአንዱ ፍሬን ገና ካራማራን ሳንወጣ ተበጠሰ። ወደ ማርዳ የሚወጣውን ዳገት እየገፋን ወጣን። ከበሩ ላይ ቆመው ወደ ኋላ ሲመለከቱ የጅጅጋ ሜዳ በማለዳ ጉም ውስጥ እንደ ባሕር ነው። ከዚያ በታች፥ አስፋልቱ በሚታጠፍበት አንዳንድ ስፍራ፥ አሮጌው የጠጠር መንገድ ለብቻው ሲወርድ ይታያል፤ ሣር በቅሎበታል፥ ከብትና ሕፃናት ብቻ ይሄዱበታል። እኛም በተገኘበት ሁሉ እሱን ያዝን። ፍሬን ከሌለው ቢሲክሌት ጋር መውረዱ አያስመክርም፤ ባለ ቢሲክሌቱ ጓደኛችን በጫማው እየተገታ ነው የወረደው፥ ጫማውም ፋፈን ላይ ቀርቷል።

በዳካታ ስንደርስ ቀትር ሆነ። በዚያ ድንጋይ መካከል ከአስፋልቱ ሁለት መቶ ዕርምጃ ያህል ወጣ ሲሉ የመኪናው ድምፅ ይጠፋል። ከግራር ሥር ተቀምጠን ሳለን ግመሎች የሚነዱ አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡና ሰላምታ ሰጡን። የእኛ ሶማልኛ ከሰላምታ የሚያልፍ ባለመሆኑ ልጁ አስተረጐመልን። ወደ ሰሜን በኮረብታው በኩል ስለሚሄደው መንገድ ጠየቅናቸው። እሳቸውም ከተቀመጡበት ተነሥተው፥ በበትራቸው ጫፍ በአሸዋው ላይ መሥመር ሠርተው፥ በመሥመሩ ላይ ነጥብ በነጥብ እያደረጉ የእያንዳንዱን ጕድጓድ ስም ነገሩን፤ ይኸኛው በበጋ ይደርቃል፥ ይኸኛው ጨው አለበት፥ ይኸኛው መልካም ነው እያሉ። ኪሎ ሜትር የሚል ቃል አልወጣቸውም። ከነገሩን ስሞች አብዛኛዎቹን በያዝነው ካርታ ላይ ፈልገን አላገኘናቸውም። ልጁም ከእኛ ጋር እኩል ይሰማ ነበር፤ እሱም የማያውቃቸው ስሞች እንደ ነበሩ ከፊቱ ይታይ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እንደ ሰማው ጻፋቸው፤ ቍጥራቸው ዐሥራ አንድ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ ያላወጣናቸው የሶማልኛ አጻጻፋቸውን አዋቂ አይቶ እስኪያርምልን ድረስ ነው። ይህን ሥራ በሙሉ ጕልበቱ የሚይዝ የታሪክ ተማሪ ከጅጅጋ ወይም ከድሬዳዋ ቢነሣ እኛ ደብተራችንን በደስታ እንሰጠዋለን፤ ግን ይፍጠን፥ አዛውንቱ ሰማንያን አልፈዋል።

ያን ሌሊት ባቢሌ አደርን። በማግሥቱ ጎማችንን የወጋውን የግራር እሾህ በገበያው አጠገብ አስነቅለን፥ ሁለት ስፍራ አስለጥፈን፥ ፍሬኑንም በሽቦ አሳስረን ተነሣን። የኤረር ሸለቆ ቍልቍለቱ ያስደስታል፤ ሽቅብ ግን እንደ ወረድነው አልወጣነውም፤ ከቢሲዲሞ ወዲህ አብዛኛውን በእግራችን ነው የሄድነው። ጫት የጫኑ ሴቶች በአህያ እየቀደሙን ይስቁብን ነበር። ፀሓይ ልትጠልቅ ስትል ከሐረር ግንብ በስተ ምሥራቅ ካለው ከኤረር በር ደረስን፤ በሩ ጠባብ ስለ ሆነ ቢሲክሌቶቻችንን አንድ በአንድ እየገፋን ገባን።